ያው ንስር መሆኑ እንዴት ታወቀ? ከእስያ ዳርቻ ወደ ሰሜን አሜሪካ የባዘነ አንድ ወፍ የጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በሜይን ግዛት ውስጥ፣ ጆርጅታውን የምትባል ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የደሴት ከተማ አለች። በሞቃቱ ወቅት ለመዝናናት የሚመጣው እንግዳ ብርዱ ሲገባ ስለሚሄድ፣ ወደቧ ላይ የሚቀሩት በአብዛኛው ከባሕሩ የሚተዳደሩ ነዋሪዎቿ ናቸው። ታኅሣሥ 21 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2021፣ በዚህች ከተማ ዳርቻ የስቴለር የባሕር ንስር የተባለ አንድ ግዙፍ ወፍ ታየ። ወሬው በሰዓታት ውስጥ ተዛመተና ከሩቅ ግዛቶች ጭምር ሌሊቱን ሲነዱ ያደሩ ሰዎች ቴሌስኮፕና ረጅም ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ ተሸክመው በባሕሩ ዳር ተሰለፉ። የመጡለት ወፍ አገሩ ካምቻትካ ነው፤ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ማዶ፣ በሩሲያ የሩቅ ምሥራቅ ጠረፍ። ከዚያ እስከ ሜይን ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከሌላ አህጉር የባዘነ ወፍ ማየት ለወፍ ተመልካቾች ዕድሜ ልክ የሚተረክ ነገር ነው። የት እንደቆሙ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበር፣ ወፉ በየት በኩል ብቅ እንዳለ ከዓመታት በኋላም አይረሱትም። ይሁንና የአብዛኛው ባዛኝ ወፍ ታሪክ አጭር ነው፤ አንድ ቀን ይታያል፣ ሁለት ሦስት ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ወዴት እንደሄደና ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። የጆርጅታውኑ ንስር የተለየው በዚህ ነው። የመጡት ሰዎች የሚያዩት ወፍ ከአሥራ ስድስት ወር በፊት አላስካ ውስጥ፣ ከስድስት ወር በፊት ኩቤክ ውስጥ፣ ከአሥር ቀን በፊት ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ የታየው ያው ወፍ መሆኑን አስቀድመው ያውቁ ነበር። እግሩ ላይ ቀለበት፣ ጀርባው ላይ መከታተያ መሣሪያ ሳይኖር ይህ እንዴት ሊታወቅ ቻለ የሚለው የዚህ ጥናት ዋና ጥያቄ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወፉና አገሩ

የስቴለር የባሕር ንስር በክብደቱ ከዓለም ንስሮች ግንባር ቀደም ነው። እንደ አብዛኞቹ አዳኝ ወፎች ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ክብደቷ እስከ ዘጠኝ ኪሎ ይደርሳል፣ ክንፏም ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዕድሜው የሞላ ወፍ ገላው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ትከሻው፣ ጭኑና ጅራቱ ነጭ ናቸው፤ ደማቅ ቢጫ ምንቃሩ ከሌሎች ንስሮች አንጻር ከመጠን ያለፈ ግዙፍ ስለሆነ ከሩቅ እንኳ አያሳስትም። በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዛፍ ላይ ሆኖ ሲጮህ የሚሰማውን ዓሣ በል ንስር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝምድናቸውን ከአቀማመጡና ከአደኑ ይረዳዋል፤ የእኛዎቹ ሐይቆች ንስር ግን ትልቁ ቢመዘን ከሦስት ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም።

የስቴለር ንስር ጎጆ የሚሠራው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ብቻ ነው፤ በካምቻትካ፣ በኦኾትስክ ባሕር ዳርቻዎች፣ በአሙር ወንዝ የታችኛው ተፋሰስና በሳኻሊን ደሴት። ዋና ምግቡ ሳልመን የተባለው ዓሣ ሲሆን የውኃ ወፎችንና የሞቱ እንስሳትንም ይበላል። ብርዱ ሲበረታ ከፊሎቹ ወደ ደቡብ ወርደው በኩሪል ደሴቶችና በጃፓኗ ሆካይዶ ደሴት ይከርማሉ። በሆካይዶ ራውሱ ከተባለች ወደብ የሚነሡ ጀልባዎች ጎብኚዎችን ይዘው በተንሳፋፊው የባሕር በረዶ ላይ የተቀመጡትን ንስሮች ያሳያሉ። በዓለም ላይ ያሉት በሙሉ ተቆጥረው አምስት ሺህ ገደማ ወይም ከዚያ በታች እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለአደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች ጋር መድቧቸዋል።

ስሙ ራሱ ከጉዳዩ ጋር የሚገጥም ታሪክ አለው። ጌኦርግ ቪልሄልም ስቴለር በሩሲያ መንግሥት አገልግሎት ከቪቱስ ቤሪንግ ጋር ከካምቻትካ በመርከብ የተነሣ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በ1741 መርከቢቱ አሁን አላስካ የሚባለው ምድር ደረሰች፤ ስቴለር ወደ ካያክ ደሴት ወርዶ እንዲመረምር የተፈቀደለት አሥር ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። በዚያች ጥቂት ጊዜ አንድ ሰማያዊ ወፍ አገኘ። ወፉ ቀደም ሲል በመጽሐፍ ውስጥ በሥዕል ያየውን የምሥራቅ አሜሪካ ወፍ ስለመሰለው፣ የደረሱበት ምድር በእርግጥ አሜሪካ መሆኑን ከዚያ ተረዳ። ከእስያ ተነሥቶ አሜሪካ የደረሰ ሰው የት እንዳለ በወፍ ሥዕል አወቀ ማለት ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ፣ በስሙ የተጠራው ንስር ያንኑ መንገድ ሲጓዝ ማንነቱ የተለየው እንዲሁ በሥዕል ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በብዙ ሰዎች ካሜራ።

ፍልሰትና መባዘን

ለአማርኛ አንባቢ አንድ ልዩነት ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚመጡት ወፎች የባዘኑ አይደሉም። መንገዳቸው ከትውልድ ትውልድ የታወቀ ነው፤ መምጫቸውም መሄጃቸውም ወቅት አለው፤ ይህ ፍልሰት ይባላል። የባዘነ ወፍ የሚባለው ዝርያው ከሚኖርበት፣ ከሚከርምበትና ከሚያልፍበት ክልል ሁሉ ውጪ የተገኘ ነው። ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ይህን እንደ ተራ ስሕተት፣ ወፉንም በሕይወት እንደማይሰነብት ምስኪን ሲቆጥሩት ኖረዋል። የምናጠናው ንስር ይህን አስተሳሰብ ከሚያናጉት ጉዳዮች አንዱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጉዞው ሰንሰለት

መነሻው ኦገስት 30 ቀን 2020 ነው። በአላስካ መካከለኛ ክፍል በሚያልፈው የዴናሊ አውራ ጎዳና፣ ማለትም ከባሕር ዳር ርቆ ባለ ምድር፣ አንድ የስቴለር ንስር ፎቶ ተነሣ። አላስካ ለካምቻትካ ቅርብ በመሆኗ ይህ ዝርያ በደሴቶቿና በባሕር ዳርቻዋ ቀደም ሲልም አልፎ አልፎ ታይቷል። ወደ መሐል አገር ዘልቆ መገኘቱ ግን ያስደንቅ ነበር። በጊዜው ነገሩ ከአላስካ ወፍ ተመልካቾች አልፎ ብዙ አልተወራም፤ ዓለምም በወረርሽኙ ተጠምዳ ነበር።

በማርች 2021 በቴክሳስ ደቡብ፣ ኮሌቶ ክሪክ በተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አካባቢ፣ የዚሁ ዝርያ ንስር ታየ። ከዴናሊ እስከዚያ ቀጥታ ቢለካ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቴክሳስ ሞቃት አገር ናት፤ በበረዶ ላይ ዓሣ የሚያድን ወፍ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጎረቤት ተገኘ ሲባል ብዙዎች ማመን ቢቸግራቸው አይፈረድባቸውም።

ከዚያ ሦስት ወር ያህል ምንም አልተሰማም። በጁን መጨረሻ ግን ከቴክሳስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ የኩቤክንና የኒው ብሩንስዊክን ወሰን ይዞ በሚወርደው የሬስቲጉሽ ወንዝ ላይ ብቅ አለ። ሬስቲጉሽ በሳልመን ዓሣው ስመ ጥር ወንዝ ነው፤ ንስሩ እዚያ መቆሙ በአጋጣሚ አይመስልም። በሞቃቱ ወራት በኩቤክ በጋስፔ ልሳነ ምድር አካባቢ ሲታይ ቆይቶ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ተገኘ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል በወፍ ተመልካቾች ዘንድ በብዛት የሚነሣው ነው። በዲሴምበር አጋማሽ ላይ በማሳቹሴትስ በቶንተን ወንዝ ዳር አንድ ሰው ንስሩን ፎቶ አነሣው፤ ምን እንዳነሣ ግን ወዲያው አልታወቀም። ሥዕሉ ቆይቶ የሚያውቅ ዓይን ላይ ሲወድቅ ግርግሩ ተነሣ፤ ዲሴምበር 20 ቀን በርካታ ሰዎች ወንዙ ዳር ተሰብስበው ወፉን አገኙት። ብዙም ሳይቆይ ከአካባቢው ጠፋ። በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ደርሰው ባዶ ወንዝ ሲያዩ የዋሉት ሰዎች ትዝታም የዚህ ታሪክ አካል ነው፤ ካዩት ሰዎች ይልቅ ያመለጣቸው ሰዎች ዝርዝሩን አጥብቀው እንደሚያስታውሱት ከወፍ ተመልካቾች ጋር ያወጋ ሁሉ ያውቃል። ከአሥር ቀን በኋላ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ጆርጅታውን ላይ ሲታይ፣ ያመለጣቸው ሰዎች ሁለተኛ ዕድል አገኙ። በዚህ ጊዜ አልቸኮለም። እስከ ማርች 2022 መጀመሪያ ድረስ በጆርጅታውን፣ በሪድ የግዛት ፓርክና በአጎራባቿ ቡዝቤይ መካከል ሲመላለስ ከረመ።

ማስረጃው ምን ያህል ይይዛል

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል። በአምስትና ስድስት ቦታዎች የታየው አንድ ንስር ነው ወይስ ብዙ? የመልሱ መሠረት የላባ ምልክት ነው። የዚህ ዝርያ ሁሉ ትከሻ ነጭ ቢሆንም፣ ይህኛው ወፍ በክንፉ ላይ ከተለመደው ውጪ የሆነ፣ የራሱ የሆነ የነጭ ላባ አቀማመጥ አለው። ሲበር፣ ክንፉ በተዘረጋበት ቅጽበት የተነሡት ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በአላስካ፣ በምሥራቅ ካናዳ፣ በማሳቹሴትስና በሜይን የታየው ምልክት ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። የከብት እረኛ ላሞቹን በቡራቡሬያቸው እንደሚለይ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እረኛው አንድ ሰው ሲሆን እዚህ ግን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሰዎች ያዩትን አንድ ላይ ማምጣታቸው ነው።

ሰንሰለቱ ግን በየቀለበቱ እኩል ጥንካሬ የለውም፤ ይህንን መሸፈን ለጥናቱ አይጠቅምም። ከሁሉ ቀጭኑ የቴክሳሱ ነው። እዚያ የተገኘው ማስረጃ ዝርያውን ለማወቅ ቢበቃም፣ ያው ወፍ ነው ብሎ በላባ ምልክት ለመማል እንደሌሎቹ አያስደፍርም። ብዙዎች ያው ነው የሚሉት በሌላ አመክንዮ ነው፤ በአህጉሩ መሐል ከዚያ በፊት ያልታየ ወፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ በሌላው ፈለግ ይመጣል ብሎ ከማመን፣ አንድ ወፍ ሩቅ ተጓዘ ብሎ ማመን ይቀላል። አመክንዮው ጥሩ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ከአላስካና ከሜይን ፎቶዎች ጋር አንድ ላይ ተደርድሮ እኩል እንደተረጋገጠ ሲነገር ስሰማ አልስማማም፤ ሊሆን ይችላል የተባለና ታይቷል የተባለ ነገር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ሌላው ጥያቄ ወፉ ከማቆያ ያመለጠ እንዳይሆን የሚል ነበር። ጥያቄው ተራ ጥርጣሬ አልነበረም። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2021 በፔንሲልቬኒያ፣ ፒትስበርግ ከተማ፣ ከአንድ የወፎች ማቆያ ኮዲ የተባለ የዚሁ ዝርያ ንስር አምልጦ ስምንት ቀን ያህል በከተማዋ ዳርቻ ሲዞር ቆይቶ ኦክቶበር 3 ቀን ተይዟል። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ አህጉር አንድ የዱርና አንድ ያመለጠ የስቴለር ንስር መገኘቱ ደራሲ ቢጽፈው የማይታመን ግጥምጥም ነው። ነገር ግን ይኸው አጋጣሚ ጥርጣሬውን ከማጠናከር ይልቅ አዳከመው። አንደኛ፣ ኮዲ በማቆያው ሳለ ሌላው ንስር በአላስካም በኩቤክም ታይቷል፣ ኮዲ ከተያዘ በኋላም መታየቱ ቀጥሏል። ሁለተኛ፣ ይህን የሚያህልና ይህን ያህል ብርቅ የሆነ ወፍ ከማቆያ ሲጠፋ ወዲያውኑ እንደሚታወቅና አገር እንደሚፈልገው የኮዲ ማምለጥ ራሱ አሳይቷል። ለዱር ወፍነቱ ዋናው ማስረጃ ግን የመነሻው ቦታ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚጀምረው ለካምቻትካ ከሁሉ በምትቀርበው አላስካ ነው።

ይህ በፎቶ የመለየት ሥራ በሜይን አዲስ አልነበረም። በ2018 የጸደይ ወራት በቴክሳስ ደቡብ ፓድሬ ደሴት አንድ ትልቅ ጥቁር ጭልፊት ታየ፤ አገሩ ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ያለው ሞቃት ምድር ነው። በኦገስት ያው ጭልፊት ሜይን ውስጥ ቢድፎርድ ላይ ተገኘ፤ አንድ መሆናቸው የታወቀውም የላባው ዝርዝር በፎቶ ተነጻጽሮ ነው። ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ በፖርትላንድ ከተማ በዲሪንግ ኦክስ መናፈሻ ሰፍሮ አይጠ መጎጥና ሽኮኮ የመሳሰለውን እያደነ ሲኖር፣ ከተማው ሁሉ ወዶት ነበር። ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 በበረዶ ውሽንፍር መካከል መሬት ላይ ወድቆ ተገኘ። እግሮቹን ብርድ ስለ ጎዳቸው ሕክምናው ሊያድነው አልቻለም፤ በወሩ መጨረሻም ሥቃዩ እንዳይራዘም በመድኃኒት እንዲያርፍ ተደረገ። ከተማዋ በኋላ በመናፈሻው ውስጥ ሐውልት አቁማለታለች። የሜይን ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ንስሩ ሲመጣ የመጀመሪያ ጭንቀታቸው ይህ ነበር፤ ይህም ይሞትብን ይሆን?

ዘመናቸው ተቀራራቢ፣ የታዩበት ግዛት አንድ ቢሆንም፣ ሁለቱ ጉዳዮች በመሠረቱ ይለያያሉ። ጭልፊቱ ለብርድ ያልተፈጠረ አካል ይዞ ነው የመጣው። ንስሩ ግን ብርድ አገሩ ነው። የሆካይዶዋ ራውሱ እና የሜይኗ ጆርጅታውን በአንድ መስመር፣ በ44ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ የሚገኙ ናቸው፤ ሁለቱም ዓሣና የባሕር ዳክዬ በሞላበት ቀዝቃዛ ባሕር ዳር። ወፉ በዓለም ማዶ፣ ከሚከርምበት ባሕር የሚመሳሰል ሌላ ባሕር አገኘ። ተይዞ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ይመለስ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር፣ ጤነኛና ራሱን የሚመግብ የዱር ወፍ አሳድዶ መያዝ ከሚያተርፈው ይልቅ የሚጎዳው ያመዝናል የሚለው መከራከሪያ ትክክል የሚመስለኝ በዚህ ምክንያት ነው።

የመጡት ሰዎች

በጆርጅታውን የቆሙት ሰዎች ትዝታ በአብዛኛው በአንድ ነገር ላይ ይገናኛል፤ እሱም መጠን ነው። በአካባቢው ያለው ትልቁ አዳኝ ወፍ ጭንቅላቱ ነጭ የሆነው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ አርማ ላይ ያለው ንስር ነው፤ ማንም ትንሽ ብሎት አያውቅም። ሁለቱ በአንድ ሰማይ ሲያንዣብቡ ያየ ሰው ግን የለመደው ንስር ድንገት ሲያንስበት ተመለከተ። ከዚህ ውጪ ያለው የሰዓታት መጠበቅ ነው፤ ወፉ ከዛፍ ጀርባ ያለ ደሴት ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ላይነቃነቅ ይችላል፣ ያየው ሰው ቴሌስኮፑን ለማያውቀው ሰው ይለቅለታል፣ ሕፃናት ወንበር ላይ ቆመው እንዲያዩ ይደረጋሉ።

ይህ ሁሉ ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንዳወጣ ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። በ2023 የታተመው ጥናታቸው ንስሩን ለማየት የተጓዙትን ጠይቆ፣ ከዲሴምበር 2021 እስከ ጃንዋሪ 2022 ባለው ጊዜ አንድ ሰው በአማካይ 180 ዶላር ያህል እንዳወጣ፣ ጠቅላላ ወጪውም ከ380 ሺህ እስከ 476 ሺህ ዶላር እንደሚደርስ ገምቷል። ነዳጅ፣ ምግብና ማደሪያ ነው። ቁጥሩ በጋዜጦች ብዙ ተወርቷል፤ ለእኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚበልጠው እነዚያ ሰዎች ሲመለሱ ይዘውት የሄዱት ፎቶ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለው የወፎች ጥናት ማዕከል ከ2002 ጀምሮ የሚያስተዳድረውን ኢበርድን በመሳሰሉ የመረጃ ቋቶች ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ የሚቀመጠው ምስል ባይኖር፣ ከላይ የተተረከው ሰንሰለት ስድስት ያልተያያዙ ወሬዎች ሆኖ ይቀር ነበር። ወጪው ለቱሪዝም ገቢ ተብሎ ተመዘገበ እንጂ፣ በሌላ ዓይን ከታየ ሕዝቡ ከኪሱ አውጥቶ ያካሄደው ምርምር ነው።

ለምን ባዘነ

ወፎች ለምን ይባዝናሉ ለሚለው አንድ መልስ የለም። ትንንሾቹን ዐውሎ ነፋስ ከመንገዳቸው ይጠርጋቸዋል። አንዳንዶቹ፣ በተለይ የመጀመሪያ ፍልሰታቸውን የሚያደርጉ ጫጩቶች፣ አብሯቸው የተወለደው የአቅጣጫ መለያ ተዛብቶ መሄድ ካለባቸው በተቃራኒ ይበርራሉ። በአሜሪካ ከ1960 እስከ 2019 ተይዘው ቀለበት የተደረገላቸውን 152 ዝርያዎች፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ወፎች መረጃ የመረመረ ጥናት ደግሞ፣ የምድር መግነጢሳዊ መስክ በሚታወክባቸው ጊዜያት በመጸው ፍልሰት ወቅት የሚባዝኑት እንደሚበዙ አሳይቷል።

ለዚህ ንስር ከእነዚህ አንዱም በደንብ አይገጥምም። ሙሉ ላባውን ያወጣ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት የሞላው አዋቂ ወፍ ነው እንጂ ጫጩት አይደለም። ነፋስ ገፍቶ አላስካ ሊያደርሰው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከአላስካ ቴክሳስ፣ ከቴክሳስ ኩቤክ የሚነዳ አንድ ነፋስ የለም። መጠኑም መታሰብ አለበት። ሰፊ ክንፍ ያለው ንስር ክንፉን እያራገበ አይደክምም፤ ከምድር በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ በትንሽ ጉልበት ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ሲበላም ለቀናት የሚበቃውን ይበላል። እንዲህ ያለ ወፍ አንድ ጊዜ የውቅያኖሱን ማዶ ከረገጠ በኋላ አህጉሩን ማሰስ አያቅተውም። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ ይህ ነው፤ መነሻው ምንም ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የሚስማማ ቦታ ፍለጋ ነበር። ማስረጃዬም ንስሩ በየት በኩል እንዳለፈ ሳይሆን የት እንደቆመ ነው። በቴክሳስ አልሰነበተም። የቆመው የሳልመን ወንዝ ላይ፣ በረዷማ ወደብ ላይ፣ ቀጥሎ እንደሚታየውም ዓሣ በሞላበት የሰሜን ባሕር ላይ ነው።

ከጆርጅታውን በኋላ

በማርች 2022 ከሜይን የጠፋው ንስር በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ወደ ሰሜን ወጥቶ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ ታየ፤ በምሥራቅ ዳርቻዋ፣ በትሪኒቲ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ። ቀጥ ያሉ የባሕር ገደሎች፣ ጥድ የሸፈናቸው ደሴቶች፣ ብዛት ያላቸው የባሕር ወፎች ያሉበት ስፍራ ነው፤ በየዓመቱ በጁንና በጁላይ ኬፕሊን የሚባለው ትንሽ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል በመንጋ ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣል። ካምቻትካን በፎቶ ያየ ሰው የሁለቱን አገሮች መመሳሰል ለመገንዘብ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። የጀልባ ጎብኚዎች አይተውታል፤ አንዳንዶች ስቴላ ብለው የሴት ስም አውጥተውለታል፣ ጾታው ግን በእይታ ብቻ የሚለይ አይደለም።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 2023 መጣ። በብርዱ ወራት መካከል ከጆርጅታውን አንድ ፎቶ ተላከ፤ ክንፉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ያው ነበር። ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ ባሕርና ደሴት አቋርጦ ወደ ሜይን ለመምጣት ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አለበት፤ ያረፈው ግን ከዓመት በፊት በከረመበት በዚያው ጠረፍ ነው። በ2022 ያመለጣቸው አንዳንድ ሰዎች መኪናቸውን አስነሥተው መጡ። በዚህ ጊዜ የቆየው ለአጭር ጊዜ ነበር፤ በጸደይ ወራት ንስሩ እንደገና በኒውፋውንድላንድ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ የሚዘገበውም በአብዛኛው ከዚያችው ደሴት ነው።

ወፍ ተመልካቾች በመዝገባቸው ላይ ይህን ንስር እስካሁን መንገድ ከሳቱት ጋር ይጽፉታል። አንድ ጊዜ የከረመበትን ወደብ በዓመቱ ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ፈልጎ ያገኘው፣ ከዚያም ሞቃቱን ወራት የሚያሳልፍበትን ደሴት መልሶ ያገኘው ወፍ ግን፣ ቢያንስ በአትላንቲክ ዳርቻ፣ መንገዱን ያውቀዋል።